የአያቴ ሞተር ሳይክል የመፍቻ ጥቅል፦ ባዶው ኪስ የምን ነበር?

የሸመንደፈር የልጅ ልጅ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አያቴ ዕድሜ ልኩን ሸመንደፈር (ባቡር) ወርክሾፕ ነው የሠራው። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ልቡ ያለው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ሞተር ሳይክሉ ላይ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ከዚራ ያለው ቤታችን ጓሮ፣ ዛፉ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆመች። ዘንድሮ እኔና ወንድሜ ላናስነሣት ቆርጠን ተነሣን።

በጎኗ ያለውን የብረት ሳጥን ስከፍት አንድ የሸራ ጥቅል አገኘሁ። ገመዱ ደርቆ ስነካው ተበጠሰ። ውስጡ ያለው ይኸው፦ ጠፍጣፋ ሁለት አፍ መፍቻዎች (አንዱ ላይ 1/4 ደብልዩ፣ ጎኑ ላይ 5/16 ቢ.ኤስ. ይላል)፣ እኛ የእንግሊዝ መፍቻ የምንለው የሚሰፋና የሚጠብ ዓይነት፣ ላዩ ላይ ኪንግ ዲክ የሚል፣ የካንዴላ መፍቻ ከነማዞሪያ ዘንጉ፣ የእንጨት እጀታ ያለው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ ብረት፣ ትንሽ የግራሶ ፓምፕ። አብዛኞቹ ላይ ትንሽ የቀስት ምልክት ተመትቷል።

አንዱ ግን ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ወፍራምና አጭር መፍቻ ነው፣ የፋብሪካ ጽሑፍ የለውም፣ እጀታው ላይ የአያቴ ስም ሁለት ፊደል በነጥብ በነጥብ ተመትቷል።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። በስተቀኝ ጫፍ ጣት የማታስገባ ጠባብ ኪስ አለች፣ ባዶ ናት። የምን ነበረች? ሁለተኛ፣ የኔ 13 መፍቻ ዳዶዎቹ ላይ አልገባ አለኝ፣ 14ቱ ደግሞ ይሽከረከራል፤ ምን ላድርግ? ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ሞተር ሳይክሏን ትቶ ጥቅሉን ብቻ ልግዛ አለኝ። ያቀረበው ብር ቀላል አይደለም፣ ሁለት ጎማና ካላማዳሪ ያስገዛኛል። ልሽጥለት?

ሸዋ በር (ሐረር)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ አያትህን ነፍስ ይማር። የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፦ 13ና 14ቱን አሁኑኑ አስቀምጣቸው። ዳዶዎቹን እየበላሃቸው ነው።

ኤም 20 በሚሊ ሜትር አይፈታም። ዊትወርዝ ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1841 የቡሎን ጥርስ ሁሉ አንድ ወጥ እንዲሆን ያወጣው መለኪያ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። በኛ መፍቻ ላይ 13 ከተባለ አፉ 13 ሚሊ ሜትር ነው። በዊትወርዝ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አፉ ሳይሆን ስለ ቡሎኑ ውፍረት ነው። 1/4 ማለት ሩብ ኢንች ለሚወፍር ቡሎን ማለት ነው፤ አፉ ሲለካ 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። 13ህ ያልገባው፣ 14ህ የተሽከረከረው ለዚህ ነው። 3/16 የሚለው 11.3፣ 5/16 የሚለው 15.2 ነው። 3/8 ላይ ስትደርስ ብቻ 18 መፍቻ ይገጥምልሃል።

ጎኑ ላይ ያለው ቢ.ኤስ. ደግሞ የደቃቅ ጥርስ ቡሎን ቁጥር ነው፤ የዚያ ጭንቅላት በአንድ ቁጥር ያንሳል። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ለመቆጠብ ሲሉ የተራውንም ቡሎን ጭንቅላት በዚያው ልክ አሳነሱት። ስለዚህ አንድ አፍ ሁለት ስም ይዞ ታገኘዋለህ።

ቀስቷ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት። ኤም 20 እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1955 የተሠራ፣ 496 ሲ.ሲ. ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ሳይክል ነው፤ ለጦር ሠራዊት ብቻ 126,000 ያህል ተሠርቷል። ከባድ ነው፣ አይሮጥም፣ ግን በምንም መንገድ ላይ አይተውህም።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ላቁም። በመጋቢት 1933 ሐረርና ድሬዳዋ በሦስት ቀን ልዩነት ከጣሊያን እጅ ሲወጡ፣ ከእንግሊዝ ጋር የመጣው ተሽከርካሪ በኢንች የሚፈታ ነበር። ከዚያ በፊት ጣሊያን ያመጣው በሚሊ ሜትር ነው። ሸመንደፈርም የፈረንሳይ ሥራ ስለሆነ በሚሊ ሜትር ነው። አያትህ ቀን የሚይዙት መፍቻ ማታ ለሞተር ሳይክላቸው አይሆንም ማለት ነው። ስማቸው ያለበትን ያንን ወፍራም መፍቻ አፉን በካሊበር ለካና ንገረኝ።

የሸመንደፈር የልጅ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ ለካሁት። 15.3 ሚሊ ሜትር ነው።

ሸዋ በር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

እንግዲህ 5/16 ዊትወርዝ ነው። ከጥቅሉ የጠፋውን ቁጥር ራሳቸው ሠርተውታል። አፉን ብርሃን ላይ አድርገህ ተመልከተው፤ የሞረድ መስመር ታያለህ።

የሳቢያኗ ሆንዳ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ወንድሜ፣ ስለ ቢ.ኤስ.ኤ. ብዙ አላውቅም፣ ግን የፋብሪካ መፍቻ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም። የአባቴን ሆንዳ ሲ.ቢ. 125 ከነቦርሳው የያዝኩ ሰው ነኝ።

ሰዎች ከሞተር ሳይክል ጋር የሚመጣውን መፍቻ እንደ ልጅ መጫወቻ ያዩታል። አጭር ነው፣ ቀጭን ነው ይሉና አውጥተው ይጥሉታል። ማጠሩ እኮ ምክንያት አለው። በ10 መፍቻ የሚፈታው ቡሎን ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚገባውም አሉሚኒየም ውስጥ ነው፣ የሚፈልገው ኃይል 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። መፍቻው አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በእጅህ 10 ኪሎ ያህል ስትጫነው ልክ እዚያው ያደርስሃል። በጋራዥ ረጅም መፍቻ ያንኑ ጉልበት ስትጠቀም ጥርሱን ነቅለህ ታወጣዋለህ። የኔ ሆንዳ ላይ በሰው እጅ የተነቀሉ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ሦስቱም የተበላሹት አባቴ ቦርሳውን ቤት ትቶ በሄደባቸው ጊዜያት ነው።

ካቻቢቴውም እንደዚያው። የጃፓን ባለ መስቀል ቪት ከአሜሪካው ፊሊፕስ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። የፊሊፕስ ጫፍ የጃፓኑ ቪት ውስጥ እስከ ታች አይቀመጥም፣ ስታጠብቀው ተንሸራቶ ይወጣል፣ ቪቱንም ይበላዋል። ድሬ ውስጥ የቆመ የድሮ ሆንዳ ወይ ያማሃ ጎን ክዳኑን እዩት፤ ቪቶቹ ሁሉ ክብ ጉድጓድ ሆነዋል። ፋብሪካው ቦርሳው ውስጥ የከተተው ካቻቢቴ ግን ለዚያ ቪት ተብሎ የተቀረጸ ነው፣ ልክ ይቀመጣል። የቪቱ ጭንቅላት ላይ ትንሽ ነጥብ ካያችሁ የጃፓን መሆኑን እወቁ።

የድሮ ሆንዳ መፍቻ ላይ ኤች ኤም የሚሉ ፊደሎች፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ኮዋ የሚል ስም ይገኛል። የካንዴላ መፍቻውም ይናገራል፦ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ እንደ ሱፐር ካብ ላሉ ትናንሾች ነው፣ 18 ከሆነ እንደኔው ላለ፣ ወደ 21 ከሆነ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ ላለው ካንዴላ ነው፣ ለቬስፓ፣ ለቢ.ኤም.ደብልዩ። ሰው ቦርሳ ሲሸጥላችሁ መጀመሪያ እሱን ለኩ። የሱፐር ካብ ነው ተብሎ 21 መፍቻ ያለው ቦርሳ ቀርቦልኝ ያውቃል።

ደንገጎ ላይ (ሐረር)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

የሳቢያኗ እውነቷን ነው። እኔ ቢ.ኤም.ደብልዩ አር 60/5 አለኝ፤ በርሊን እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1973 ከተሠሩት። ወንበሩን ስታነሣው ከሥሩ የመፍቻ ማስቀመጫ አለ። የጎማ መንፊያ ፓምፑ ሳይቀር ከፋብሪካ ነው የሚመጣው። ሄይኮ የተባለው የሬምሻይድ ፋብሪካ ስም መፍቻዎቹ ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። አንድ የሚገርመኝ ነገር፣ ፋብሪካው ከመፍቻው ጋር የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ይጨምር ነበር። ሰውዬው መንገድ ላይ ሲበላሽበት እጁ ዘይት እንደሚነካ፣ ያንን ዘይት ይዞ እንደማይሄድ አስቦ።

እኔ ያንን ጨርቅ አላየሁትም። ዕቃውን በሙሉ አጥቻለሁ። ከዓመታት በፊት የፊት ሹካው ዘይት ሲያፈስ ሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ወስጄ ተውኩት፤ ስሙን አልጠራም። ስመለስ ሞተር ሳይክሌ በደንብ ተሠርቶ ነበር። ቤቴ ደርሼ ወንበሩን ሳነሣ ማስቀመጫው ውስጥ ሦስት የተበላሹ የቻይና መፍቻዎች ተቀምጠውልኛል። ብደውል ያየ የለም። ያ ጥቅል ከሞተር ሳይክሉ ጋር በርሊን ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል መጥቶ፣ ሦስት ሰው ሲቀያየርበት ያልተነካ ነበር። እስከ ዛሬ ወንበሩን ሳነሣ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ሞተር ሳይክል ጋራዥ ስትሰጡ ጥቅሉን ቤት አስቀሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ባንድ ዘርግታችሁ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሡ።

ለሚገዙ ደግሞ፦ መፍቻው ላይ ምዕራብ ጀርመን የሚል ካለ ከ1949 እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። የ1938 ሞተር ሳይክል ከነመፍቻው ብሎ ያንን የሚያሳያችሁን ሰው አትመኑት።

አሸዋ ገበያ (ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አቦ ቀላል ነው! ለዝገቱ ሎሚ ግዛና ጨምቀህ ማታ ዘፍዝፈው፣ ጠዋት እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሸራውንም በኦሞ እጠበው፣ አዲስ ይሆናል። ያኔ የሚገዛህ ሰው እጥፍ ይሰጥሃል።

የሳቢያኗ ሆንዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡42

በጭራሽ እንዳታደርገው! ለክፋት እንዳልተናገርክ አውቃለሁ አሸዋ ገበያ፣ ግን እኔ ይህን አድርጌ ተቃጥያለሁ። ከሆንዳ ቦርሳ ሁለት መፍቻ ሎሚ ውስጥ አሳደርኩ። ዝገቱ ሄደ፣ አብሮ የዚንክ ልባሱም ሄደ። ግራጫ የሞተ ብረት ሆኖ ወጣ፣ በሳምንቱ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ዛገ። አሲድ ዝገቱን ከልባሱ አይለይም።

ሸዋ በር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ልክ ብለሻል ልጄ። እኔም ልጨምር። የዚያ ዘመን አንዳንድ ዕቃ የካድሚየም ልባስ አለው። እሱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ወይም በማሽን ብሩሽ መምታት ብናኙን መሳብ ነው፤ መርዝ ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። በነጭ ጋዝ ሁለት ቀን እዘፈዝፈዋለሁ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ እፈትገዋለሁ፣ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ቀጭን ዘይት በጣቴ አስነካዋለሁ፣ አበቃ። ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ይቅር። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፣ ከሥሩ ያለውንም ብረት ይጠብቃል።

ሸራውን ግን እንዳታጥበው። ባዶዋን ኪስ ውስጧን በባትሪ መብራት አይተሃታል? ብረት አንድ ቦታ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ዝገቱ ጨርቁ ላይ ቅርጹን ይስላል። የጠፋው ዕቃ ፎቶ እዚያው ሊኖር ይችላል።

የሸመንደፈር የልጅ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጋሼ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ።

የኪሷን ስፌት ሳልነካ አፏን በካቻቢቴ ከፈት አድርጌ የስልኬን መብራት አስገባሁ። ቡናማ የዝገት ሥዕል አለ። ርዝመቱ የአውራ ጣቴን ያህል ነው። በጣም ቀጭን። አንደኛው ጫፍ እንደ ትንሽ መፍቻ አፍ ሁለት ጥርስ አለው። ከሌላው ጫፍ ደግሞ እንደ ምላስ ያለ፣ ከመፍቻው የሳሳ ነገር በጎን ዞሮ ወጥቷል፤ የዚያ ዝገት ከሌላው ፈዘዝ ይላል። መፍቻ ነው እንዳልል ምን የሚያህል ዳዶ ሊፈታ? ከኤም 20 ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ዳዶ አላየሁም።

ሸራውን ሊያጥበው የነበረው ወንድሜ ነው። ሳሙናውን ቀምቼዋለሁ።

የገንደ ቆሬ ስደተኛ (በርሚንግሃም)
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ትናንት ሌሊት አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ገንደ ቆሬ ተወልጄ አሁን ቢ.ኤስ.ኤ. የተሠራበት ከተማ ነው የምኖረው። ፋብሪካው የነበረበት ስሞል ሂዝ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ኅዳር 1940 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ቦምብ ሲመታ 53 ሠራተኞች ሞተውበታል፤ ያም ሆኖ ኤም 20 መሥራታቸውን ቀጠሉ። በየወሩ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ዕቃ ገበያ እዞራለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥቅል ብዙ አይቻለሁ።

ሥዕሉ የማግኔቶ መፍቻ ነው። ኤም 20 ብልጭታውን የሚያገኘው ሉካስ ከሠራው ማግዳይኖ ነው፣ ማግኔቶና ዳይናሞ ባንድ ላይ። ክዳኑን ስትከፍት ፑንቲናዋን (እየተዘጋችና እየተከፈተች ብልጭታውን የምታስነሣዋን) ታያለህ፣ እሷን የምታጠብቅ ትንሽ ዳዶ አለች። ከሞተር ሳይክሉ ዳዶዎች ሁሉ የምታንሰው እሷ ናት፣ ያላየሃትም ክዳን ሥር ስለሆነች ነው። ምላስ ያልከው ደግሞ መፍቻው ላይ በሪቬት የተያያዘ ቀጭን የብረት ቅጠል ነው፣ ውፍረቱ 12 ሺኛ ኢንች፣ 0.3 ሚሊ ሜትር። ፑንቲናዋ ስትከፈት መሀሏ ያለው ክፍተት ልክ ያንን ማስገባት አለበት። በአንዲት ብጣሽ ብረት መፍቻውንም መለኪያውንም ሰጥተውሃል። ከጥቅሉ ውስጥ እኔ የምወዳት እሷን ነው። ቀድማ የምትጠፋውም እሷ ናት፣ ሰው ምንነቷን ስለማያውቅ።

አሁን ስለ ገዢው። አትሽጥ። ለምን እንደሆነ ከዚህ ስለማየው ልንገርህ። ጥቅሉን ለብቻው የሚገዛ ሰው ሌላ ሞተር ሳይክል ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ያ ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ጀምሮ ያልተነካ ነው ተብሎ ይሸጣል። ያንተዋ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይዛ ትቀራለች። ሁለቱም ታሪካቸው ይበላሻል፣ አንዴ ከተለያዩ ደግሞ አያትህ ከዚራ ጓሮ ውስጥ አብረው እንዳኖሯቸው የሚያስረዳ ሰው የለም። ጎማ ነገም ይገዛል።

ደግሞ ተጠንቀቅ። ቀስት ያለበት መፍቻ ዋጋው ስለሚጨምር አሁን ማንኛውም አሮጌ መፍቻ ላይ ቀስት የሚመቱ አሉ። እውነተኛው ልባሱ ከመቀባቱ በፊት ነው የተመታው፣ ልባሱ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቷል። አዲሱ ውስጡ ያበራል፣ ጠርዙም በጣት ሲዳሰስ ይቧጥጣል። ያንተዎቹን ፎቶ አይቻለሁ፣ ንጹሕ ናቸው።

5/16ዋን እኔ ከዚህ እልክልሃለሁ፣ ከነቀስቷ ሁለት አሉኝ። ያቺን በእጅ የተሠራችውን አውጥተህ ይህን ክተትና ጥቅሉ ሙሉ ይሁን። ብር አልፈልግም፣ ለአያትህ ይሁንልኝ።

ደንገጎ ላይ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

ስደተኛው፣ እግዜር ይስጥህ፣ ልብህ የድሬ ልብ ነው። ግን በመጨረሻዋ ቃል አልስማማም። የአያቱ መፍቻ ከጥቅሉ መውጣት የለባትም። ያቺ ሞተር ሳይክል ድሬዳዋ ላይ በሕይወት የቆየችው በሷ ነው።

የገንደ ቆሬ ስደተኛ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡30

የፋብሪካ ጥቅል የሚባለው ግን ፋብሪካው የሰጠው ነው። እኔ መለየት እወዳለሁ። ነገ ሌላ ሰው አይቶ ኤም 20 እንዲህ ያለ መፍቻ ይዞ ይመጣ ነበር ብሎ ይጽፋል፣ ስህተቱ ይራባል። አያትየውን መናቅ አይደለም።

ሸዋ በር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁለታችሁም ስለ አንድ ነገር ነው የምትጨነቁት። መፍቻዋ በቦታዋ ትቀመጥ። የስደተኛውም ሲመጣ በሳጥኑ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። ጥቅሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይግባ፦ ይህ ከፋብሪካ፣ ይህ በእገሌ እጅ ሸመንደፈር ወርክሾፕ የተሠራ፣ ይህ በዚህ ዓመት ከበርሚንግሃም የመጣ። ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም። የሚያሳስተው ዝም ብሎ መቀላቀል ነው።

እኔ ያቺን መፍቻ በፎቶ ደጋግሜ አየኋት። ከቅጥቅጥ ብረት ነው የወጣችው፣ አንገቷ ላይ መዶሻው ያረፈበት ይታያል። አፏን የሞረዷት ሰው አንዴ ሞርደው አንዴ ዳዶው ላይ ሞክረው ነው፣ ምክንያቱም 15.2 የሚል መፍቻ በእጃቸው አልነበረም፣ የሚለኩት በዳዶው ነው። ያንን ያህል ትዕግሥት እኔ በዕድሜዬ ጥቂት ሰው ላይ ነው ያየሁት።

የገንደ ቆሬ ስደተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጋሼ፣ ካርቶኑ ካለ ተስማምቻለሁ። መፍቻውን ነገ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

የሳቢያኗ ሆንዳ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጥቅሉን የምትይዝበት ሌላ አሠራ፣ ዋናው ቤት ይቀመጥ። ፕላስቲክ ቦርሳ ግን አትግዛ። የኔ የሆንዳ ቦርሳ በድሬ ሙቀት ደርቆ እንደ ብስኩት ተሰባበረ፣ ያረጀ ፕላስቲክ የሚያወጣው ነገር ደግሞ መፍቻውን ያዝገዋል። ሸራ ወይም ጥጥ ይሁን። ሐረር የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ብትሄድ በአንድ ከሰዓት ይሰፉልሃል።

የሸመንደፈር የልጅ ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡25

ዝም ያልኩት መንገድ ላይ ሆኜ ነው። አሁን ሁሉንም ልንገራችሁ።

ትናንት ጠዋት ጥቅሉን በፎጣ ጠቅልዬ ሐረር ወጣሁ። መኪና ግርግር አንድ ሸምገል ያለ ሰፊ ጋ ቁጭ አልኩ። ጥቅሉን ሲያይ መቀሱን አስቀመጠ። በመዳፉ ዳሰሰው፣ ገለበጠው፣ ስፌቱን በጥፍሩ ቆጠረ፣ ኪሶቹን አንድ ባንድ በሜትር ለካ። ጠባቧ ኪስ ላይ ሲደርስ "ይቺስ የመርፌ ናት?" አለኝ። የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ትንሽ ካቻቢቴ አውጥቶ አስጠጋት፣ ለካት፣ መለሰው። "እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚገባባት" አለ።

እኔ ያኔ የአያቴ እህት ትዝ አለችኝ። ጁገል ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ዕድሜዋን በሙሉ በሲንገር መኪና ስትሰፋ የኖረች ናት። አያቴ ሐረር ሲወጣ የሚያድረው እሷ ጋ ነበር፣ ሞተር ሳይክሏንም ግቢዋ ውስጥ ነው የሚያቆማት።

ሰፊው ሥራውን እስኪጨርስ እሷ ጋ ሄድኩ። ቡና ላይ ነበረች። ጉዳዩን ስነግራት ጀበናውን ሳታወርድ በእጇ ወደ መኪናው አመለከተችኝ፣ "መሳቢያውን እየው" አለች። ቁልፎች፣ የክር ማጠንጠኛዎች፣ የተሰበረ መርፌ፣ ጠመኔ። ከታች፣ ከጨርቅ ሜትሩ ሥር፣ አለች። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ከጫፏ ያቺ ምላስ በሪቬት ተይዛ። አክስቴ የሲንገሩ ዕቃ ናት ብላ ነው ያስቀመጠቻት። አያቴ አንድ ሌሊት ግቢዋ ውስጥ ሲሠራ ከመኪናው ላይ ትቶላት ሄዶ መሆን አለበት። መፍቻዋ ቀጭን ስለሆነች ደግሞ፣ አክስቴ ሁሌም ስፌት ለመፍታት ትጠቀምባት ነበር። ምላሷ ላይ ትንሽ ክር አሁንም ተጠምጥሟል።

"ውሰዳት፣ የሱ ከሆነች" አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ "ስፌት የምፈታበት ሌላ አምጣልኝ" አለች። አመጣላታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከዚራ ገብቼ ኪሷ ውስጥ ሳስገባት ዝገቱ ላይ ልክ ተኛች። ከዚያ አውጥቼ ለሥራዋ አዋልኳት። የማግኔቶውን ክዳን ከፈትኩ፣ ፑንቲናዋ አረንጓዴ ሻግታ ነበር፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኳት። ምላሷን አስገባሁ፣ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበር። ዳዶዋን ላላ አድርጌ አስተካከልኩ፣ ምላሷ ስትወጣ ጨርቅ እንደሚጎተት ያህል ትንሽ እስክትይዝ። ወንድሜ ካንዴላውን ሲሊንደሩ ላይ አስነክቶ ያዘ፣ እኔ በእግሬ ረገጥኩ። በሦስተኛው ሰማያዊ ብልጭታ መጣ። እናቴ ከበሩ ቆማ ታይ ነበር።

ሰውዬውን ደውዬ አልሸጥም ብያለሁ። ካርቶኑን ወንድሜ በጥሩ ጽሕፈት ጽፎታል፤ በአራተኛው መስመር አክስቴም አለችበት።

ሸዋ በር
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡10

እሰይ! አክስትህን ሰላም በልልኝ፣ ጁገል ከሆነች ጎረቤቴ ናት።

አንድ ነገር ግን፦ ዳዶዋን ካጠበቅህ በኋላ ምላሷን መልሰህ አስገብተህ ነበር? ስትጠብቅ ፑንቲናዋ አብራ ትንሸራተታለች፣ ክፍተቱ ይቀየራል። ቤንዚን ከመጨመርህ በፊት ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ እንደገና ለካ።

የሸመንደፈር የልጅ ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡18

አልለካሁም ጋሼ። ነገ ጠዋት 12፡30 ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ።